ጠይቁን፦ ኤስተሩ ሳይነካ አማይዱን ወደ አሚን መቀየር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሜቲል ኤስተርም ያለበት ፕራይመሪ አማይድ አለኝ፣ አማይዱን የያዘው ካርበን ደግሞ ካይራል ነው (እንደ ግራና ቀኝ እጅ ሁለት ቅርጽ ሊኖረው ይችላል)። በብሮሚንና በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ አሚን ልቀይረው ስል ኤስተሩ ተበላሸብኝ። ፒፋ የሚባለውን የአዮዲን ሪኤጀንት ሞክሪ አሉኝ፣ ግን ካይራሊቲው አይጠፋም ወይ? ቤዝስ ልጨምርበት? አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ደግሞ በዚሁ ፒፋ ሜቶክሲ ያለበት አኒሊን ልስራ ብሎ ቡናማ ዝቃጭ ብቻ ነው ያገኘው፣ ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ ኬሚስቱ ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1881 ያወጣው ይሄ የብሮሚንና የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መንገድ ጠንካራ ቤዝና ሙቀት ስለሚፈልግ ሜቲል ኤስተር እዚያ ውስጥ አይተርፍም። ፒፋ ያንኑ ሪአክሽን በክፍል ሙቀት፣ አሲድ ውስጥ ይሰራልሻል፣ ላንቺ ሞለኪውል እኔም መጀመሪያ የምመርጠው እሱን ነው።

የአማይዱ ናይትሮጅን ከአዮዲኑ ጋር ይያያዛል፣ ከዛ አዮዶቤንዚን ሆኖ ሲለቅ ከካርቦኒሉ ጎን ያለው ካርበን ወደ ናይትሮጅኑ ይሸጋገርና ኢሶሳያኔት (N=C=O ያለበት የመሃል ውህድ) ይፈጠራል፣ ውሃ ሲያገኘው ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣል አሚኑ ይቀራል፣ ስለዚህ አንድ ካርበን ይቀንስብሻል። ካርበኑ ሲሸጋገር በዛው ፊቱ ነው የሚሄደው፣ ኮንፊገሬሽኑ (የካይራል ካርበኑ ቅርጽ) እንዳለ ይቆያል፣ ለሱ አትስጊ። ናይትሮጅኑ ላይ ሁለቱም ሃይድሮጅን መኖር አለባቸው፣ ሰከንደሪ አማይድ በዚህ መንገድ አይሄድም።

ቤዙን ግን በፍፁም እንዳትጨምሪ። ከፒፋው የሚወጣው ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ የተፈጠረውን አሚን ወዲያው ጨው ያደርገዋል፣ ጨው የሆነ አሚን ደግሞ የቀረውን ኢሶሳያኔት ማጥቃት አይችልም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከጨመርሽ ነፃ የወጣው አሚን ኢሶሳያኔቱን ይይዝና ዩሪያ ታገኛለሽ፣ ኤስተሩም ድጋሚ ይሄዳል።

አሴቶናይትራይልና ውሃ እኩል አድርገሽ አማይድሽን አሟሚ፣ ፒፋውን ከ1 ኢኩይቫለንት ትንሽ አስበልጠሽ ጨምሪ፣ ፍላስኩን በፎይል ሸፍነሽ አማይዱ ቲኤልሲ (ሪአክሽኑን የምንከታተልበት ስስ ፕሌት) ላይ እስኪጠፋ አማስዪው። አሚኑን በኒንሃይድሪን (አሚን ሲያገኝ ቀለም በሚያወጣው ሪኤጀንት) ታዪዋለሽ። ከዛ አሴቶናይትራይሉን በሮታሪ ማትነኛው አውጪ፣ ቀጠን ያለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምረሽ በኤተር እጠቢው፣ አዮዶቤንዚኑ ከኤተሩ ጋር ይወጣል አሚንሽ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ውሃውን ስታተኚ ብዙ አታሙቂው፣ አሲድም ቢሆን ሲሞቅ ኤስተር ይሰብራል። አሚኑንም በጨውነቱ አስቀምጪው፣ ነፃ ካወጣሽውና ኤስተሩ 5 ወይም 6 አባል ያለው ቀለበት ለመዝጋት የሚመች ርቀት ላይ ካለ ዞሮ ላክታም (ቀለበት የሆነ አማይድ) ይሆንብሻል፣ ይሄን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

የጓደኛሽ ነገር ሌላ ነው። ፒፋ ኦክሲዳይዘር ነው፣ ሜቶክሲ ያለበት አኒሊን ደግሞ ኤሌክትሮን የበዛበት ስለሆነ ገና እንደተፈጠረ ኦክሲዳይዝ ይሆናል፣ ቡናማው የመጣው ከዛ ነው። ሜታኖል ውስጥ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ፒዳን (በትራይፍሎሮአሴቴት ፈንታ አሴቴት ያለበትን የፒፋ ዘመድ) ይጠቀም፣ እዚህ ቤዙ ችግር የለውም ምክንያቱም ኢሶሳያኔቱን ሜታኖሉ ይይዘውና ካርባሜት ይሆናል፣ ናይትሮጅኑ ስለተሸፈነ እንደ ነፃው አኒሊን ቶሎ አይቃጠልም። ኦክሲዳይዘሩ ከወጣ በኋላ ካርባሜቱን ሰብሮ አኒሊኑን ያውጣ።