ማረሻውን ግድግዳ ላይ ከመስቀል በፊት

ውድ ልጆች፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ሠዓሊ ስለ ገጠሩ መልክና ስለ እርሻ ባህል መለወጥ ኤግዚቢሽን እያዘጋጀች «ማረሻውን ግድግዳ ላይ ልስቀለው ወይስ ወለል ላይ ላቁመው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አንድ አርሶ አደር ከብዙ ዓመት በፊት ሰጥተውት ነበር፤ የጻፈላቸው ሰው ግን አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኚህ አባት ከተማ የመጡት ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው፤ እሱም ወደ አንድ የሥዕል አዳራሽ ይዟቸው ገባ። ከበሩ ፊት ለፊት ሙሉ የእርሻ ዕቃ ተሰቅሏል፤ ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ከሥሩ ያለው ካርድ «ባህላዊ ማረሻ» ይላል፣ ሌላ ምንም አይልም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሲያዩ ቆዩና «ይኼ እኮ አያርስም» አሉ። ቀንበሩ ተገልብጧል፤ የበሬው ጫንቃ ላይ የሚያርፈው፣ በብዙ ዓመት ሥራ የለሰለሰው ጎን ወደ ላይ ዞሯል። ረጅሙን እንጨት፣ ሞፈሩን፣ ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር፣ ምራኑ፣ ጠፍቶ በሽቦ ተተክቷል። ከብረቱ ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት የእንጨት ክንፎች፣ ከድግሮቹ፣ አንዱ ከሌላ ዕቃ የመጣ ስለሆነ ርዝመቱ አይገጥምም፤ አንድ ላይ የሚይዛቸው የብረት ቀለበት፣ ወገሉም፣ አልጨበጠውም። እንዲህ ሆኖ ቢጠመድ ገና ትልሙ ሳይጋመስ ይፈታል።

ቀጥለው ወደ ብረቱ ጠጋ አሉ። ጫፉ ተበልቶ አጥሯል። «ይህ ድንጋያማ መሬት ያረሰ ነው፤ የዋልካ፣ የጥቁር አፈር፣ ማረሻ እንዲህ አይበላም» አሉ። ከዚያም መሬት በመጀመሪያው እርሻ ሲገመስ፣ በሁለተኛው ሲታየም፣ በሦስተኛው ሲሰለስ መያዣው፣ እርፉ፣ ላይ የሚያርፈው እጅ እንዴት እንደሚለያይ ባዶ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩ። ግመሳ ላይ ክንድ ይጫናል፤ ስለሳ ላይ እጅ ይመራል እንጂ አይጫንም። ቀኝ የለመደ በሬ ግራ ሲጠመድ እንዴት እንደሚያስቸግር ነገሩት። በመጨረሻ በሬዎቻቸውን እያሞገሱ የሚያርሱበትን እንጉርጉሮ ለልጃቸው ዝቅ ባለ ድምፅ አዜሙለት። በአዳራሹ ውስጥ ካለው ሥዕል ሁሉ ስለ ገጠር ብዙ የተናገረው ያ ሩብ ሰዓት ነበር። ድምፃቸውን የቀረጸ፣ ስማቸውን የጠየቀ፣ ካርዱን ያረመ አንድም ሰው አልተገኘም። መናኸሪያ ሄደው ተሳፈሩ።

እናም ልጄ፣ ማረሻው ወለል ላይ ይቁም። የእኛ ማረሻ አፈሩን ወደ ግራና ቀኝ ይገፋዋል እንጂ አይገለብጠውም፤ መሬቱ ደጋግሞ፣ አንዱ እርሻ ሌላውን እያቋረጠ የሚታረሰውም ለዚህ ነው። ተመልካቹ ይህን የሚረዳው እርፉን፣ ድግሩንና ሞፈሩን በሥራ አቋማቸው ሲያያቸው ነው። የሚገጣጥመው ደግሞ ያረሰበት ሰው ይሁን። ሲገጥም በቪዲዮ ቅረጹት፤ ቪዲዮውንም ከዕቃው አጠገብ አሳዩ። ካርዱ ላይ ዕቃው የመጣበት ቀበሌ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የጠረበው ሰው፣ ያረሰው የአፈር ዓይነትና ሥራ ያቆመበት ምክንያት ይጻፍ።

ቫርኒሽ አትቀቡ። ብረቱንም በአሸዋ ወረቀት አትፈትጉ፤ መበላቱና መጫጫሩ ታሪኩ ነው። ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ከእንጨቱ ሥር ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ነቀዝ አለ ማለት ነው። ዕቃውን ወዲያው ከሌሎቹ ለዩት፤ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አየር እንዳይገባ አሽጉትና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ከወጣም በኋላ ላስቲኩ የሚፈታው ዕቃው ወደ ክፍሉ ሙቀት ከተመለሰ ነው፤ አለዚያ እርጥበት ይይዘዋል። ለጌጥ ብላችሁ እህልና ገለባ በክምር አታስገቡ፤ ነቀዙም አይጡም የሚመጣው በዚያ ነው።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ ልምጣ፤ ወጣቶች ብዙ የምትሳሳቱት እዚህ ነው። «ድሮና ዘንድሮ» እያላችሁ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ትሰቅላላችሁ፤ አንዱ የመስከረም፣ ሌላው የሚያዝያ ይሆናል። ያ የወቅት ልዩነት እንጂ የዘመን ለውጥ አይደለም። የድሮውን ፎቶ አትማችሁ ቦታው ድረስ ሂዱ። ከፊት ያለ ቋጥኝ ከኋላ ካለው ተራራ ጫፍ ጋር በፎቶው ላይ እንዴት እንደተሰለፈ እዩ። መስመሩ እስኪገጥም ወደ ጎን ተንቀሳቀሱ፤ ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እስኪመሳሰል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሂዱ። የሌንሱ ልዩነት ፎቶውን በመቁረጥ ይስተካከላል፤ የቆማችሁበት ቦታ ከተሳሳተ ግን በምንም አይታረምም። ወሩንና የጥላውን አቅጣጫም አመሳስሉ።

ይህ ትጋት የሚያስገርም ነገር ያወጣል። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። ተመራማሪዎች 140 ዓመት ገደማ ቆይተው በሰሜኑ ክፍል እነዚያኑ ቦታዎች እንደገና ሲያነሷቸው፣ በብዙዎቹ ላይ ዛፍና ቁጥቋጦው ከድሮው በርክቶ ተገኘ። ከፊሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ እርከን ከተሠራበትና ከከብት ከተከለለ ተዳፋት የበቀለ ነው። «ድሮ ሁሉ ደን ነበር» የሚለውን ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት የየቦታውን ማስረጃ ፈልጉ።

በድሮን፣ በሰው አልባ በራሪ ካሜራ፣ ማንሳትንም እንደዚሁ አብዝታችሁታል። ከላይ ሲታይ ሁሉም ማሳ ያምራል፤ ገበሬው ግን መሬቱን የሚያየው ከትልሙ ነው። የኮንሶን እርከን ውሰዱ። በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የድንጋይ ካቡ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ከአየር ሲነሳ የመስመር ጌጥ ብቻ ይመስላል። ከሥሩ ሰው አቁማችሁ ስታነሱት ግን የስንት ትውልድ ጉልበት እንደሆነ ይታያል፤ ተንዶ ያልተጠገነውም ክፍል ይለያል።

ለቅሶ የሆነ ኤግዚቢሽን አልወድም። አርሲና ባሌ ውስጥ ዝናብ ሳይቀድመው ስንዴውን በኮምባይነር የሰበሰበ ገበሬ የሚያለቅስበት ምክንያት የለውም። የኮምባይነሩ ኪራይና የሹፌሩ ፊትም ሥዕል ይገባቸዋል። እንዲህ እያልኩም በእበት የተለቀለቀ አውድማ፣ የውቂያው መንሽና ላይዳ፣ በወንፈል፣ ጉልበት በመበዳደር፣ የተሰለፈ አጫጅ ከዓይኔ እንዲጠፋ አልፈልግም። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም፤ እናንተም ለማስታረቅ አትቸኩሉ፣ ሁለቱንም አዳራሹ ውስጥ አስገቡ።

መክፈቻውን ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አድርጉት። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ደግሞ የእርሻና የዘር ጊዜ ስለሆነ ዕቃውን ያዋሷችሁ ሰዎች መምጣት አይችሉም። በጀት ስትጽፉ የእነሱን ትራንስፖርት፣ ማደሪያና የውሎ አበል ከመብራቱና ከክፈፉ በፊት አስቀምጡ። ዕቃውን ስትቀበሉ በባለቤቱ ፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት፤ የሚመለስበትን ቀን በጽሑፍ ተፈራረሙና አንዱን ቅጂ ለባለቤቱ ስጡት።