ኩላሊት ላይ ለምትሠሪው እህቴ፦ ሰኔ 30ን አስቀድመሽ አስቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በቅርቡ መምህር ሆነሽ እንደተቀጠርሽ፣ ወሎ ውስጥ የኩላሊት በሽታ ላይ መሥራት እንደምትፈልጊና የመንግሥት ገንዘብ እንዴት እንደሚገኝ ነው የጠየቅሽው። እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ።

1. የአሜሪካ መንግሥት የስኳርና የኩላሊት በሽታ ምርምር ተቋም የሆነውን ኤንአይዲዲኬን ለጊዜው ተዪው። ኬ08 እና ኬ23 የሚባሉት የጀማሪ ተመራማሪ ድጋፎች የአሜሪካ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ለእኛ የሚቀርበን ዩኒቨርሲቲው የሚያወጣው የፕሮፖዛል ጥሪ ነው።

2. ከፕሮፖዛሉ በፊት ካላንደር አውጪ። ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ለማለት ችግሩ ቢያንስ 3 ወር መቆየቱ መረጋገጥ አለበት። አንድ ጊዜ ክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ለክተሽ ጊዜያዊ ይሁን የቆየ አታውቂም። ያንኑ ሰው መልሰሽ መጥራት አለብሽ። የመንግሥት በጀት ደግሞ ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግምገማው፣ የኢቲክስ ፈቃዱ፣ የብሩ መለቀቅ ሲደመር ዓመቱ ይጋመሳል። ከዚያ ግዢ አለ።

እኔን ያንገበገበኝ ግዢው ነው። ለሁለተኛው ዙር ሪኤጀንት (የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል) ስጠይቅ ኃላፊው ወረቀቱን ገፋ አድርጎ፣ «አንድ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚመረመረው? ደም ወስደህ የለ?» አለኝ፤ ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ። ገንዘብ ልበላ የመጣሁ ነበር የመሰለው። ቆሜ አስረዳሁት፤ «ኦዲት ሲመጣ አንተ ትመልስልኛለህ?» አለ። እኔም የዓለም አቀፉን የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ ድርጅት፣ የኬዲጎን መመሪያ አትሜ፣ የሦስት ወሩን መስፈርት አስምሬበት፣ ከምርምር ክፍሉ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ተመለስኩ። ፈረመ። ሰላምታ እንኳን አልሰጠኝም።

ያን ያህል የተሟገትኩበት ምክንያት አለኝ። መጀመሪያ ታመዋል ልንላቸው ከነበሩት ውስጥ በሁለተኛው ምርመራ ደህና የሆኑ ነበሩ። ስኳርና ደም ግፊት ይዟት ስትመላለስ የኖረች እናት «ኩላሊቴ አለቀ» ብላ ወደ ቤቷ ከምትሄድ፣ እኔ ከአሥር ኃላፊ ጋር ብጣላ ይሻለኛል። በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ።

3. የቀጠሮውን ቀን ከሰዉ ኑሮ ጋር አስማሚ። ከባቲ የሚመጡትን ሰኞ አትቅጠሪያቸው፣ ገበያ ነው። ረመዳን ላይም አታድርጊው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልጠጣ ሰው ክሬያቲኒኑ ከፍ ብሎ ሊያሳስትሽ ይችላል። የሰዎቹን ትራንስፖርትም በጀት ውስጥ አስገቢ፤ እኛ ከኪሳችን ነበር የምንሸፍነው።

ስለዚህ «ሁለተኛ ዙር ምርመራ» የሚል ራሱን የቻለ የበጀት መስመር ይኑርሽ። የሁለቱንም ዙር ሪኤጀንት በአንድ የግዢ ጥያቄ አስገቢ፤ የሚያበቃበትን ቀን ግን ሳታዪ እንዳትረከቢ። የሦስት ወሩን መስፈርት እዚያው በጀቱ ሥር በአማርኛ ጻፊው፣ ፋይናንስ የሚያነበው ያንን ገጽ ነው። ረቂቁን ስትጨርሺ የበጀት ሠንጠረዡን በውስጥ ላኪልኝ፣ አይልሻለሁ።