«ፊልሙ ላንተ፣ መጽሐፉ ለእኔ» ከመባባል በፊት

ጥያቄ፦ በ2009 ዓ.ም. ሦስት ጓደኛሞች ሆነን የኪነ ጥበብና የባህል ሂስ የሚወጣበት የድረ ገጽ መጽሔት ጀመርን። አሁን ከባልደረባዬ ጋር መግባባት ስላቃተን መጽሔቱን ለሁለት ከፍለን በየግላችን ብሎግ ልንከፍት ነው። እሱ ፊልምና ቴአትርን፣ እኔ ሥነ ጽሑፍና ሥዕልን ይዘናል። የቆዩ ጽሑፎችንም በዚሁ መሠረት ተከፋፍለናል፤ ያልተስማማነው በስሙ ላይ ብቻ ነው። የድረ ገጹ አድራሻ የተገዛው በእኔ ስም ነው። ስሙ በሕግ የማን ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የስሙን ነገር አስቀድሜ ልገላገለው፤ ከጉዳይዎ ሁሉ ቀላሉ እሱ ነውና። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ የምስክር ወረቀት ነው። አድራሻውን በስምዎ መግዛትዎ ገንዘቡን ማን እንደከፈለ ያሳይ ይሆናል እንጂ የስሙ ባለቤት አያደርግዎትም። «እንግዲያው ነገ ሄጄ ላስመዝግበው» የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ከሆነ ይተዉት። ባልደረባዎ መቃወሚያ ያቀርባል፣ በድብቅ መሄድዎም ኋላ ዳኛ ፊት ያሳፍርዎታል። አንዳችሁ ስሙን ወስዶ ሌላውን ይካስ፤ ወይም ሁለታችሁም ትታችሁት በአዲስ ስም ጀምሩ። በአንድ ስም ላይ «ፊልም» እና «ሥነ ጽሑፍ» እየቀጠላችሁ ሁለታችሁም ልትጠሩበት ካሰባችሁ ግን አልመክርም፤ እሱ በጻፈው እርስዎ ሲወቀሱ ይኖራሉ።

አሁን ወዳልጠየቁኝ ነገር ልሂድ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሦስት ጓደኛሞች ሆነን» ብሎ ይጀምርና ከዚያ በኋላ ያላችሁት ሁለት ብቻ ናችሁ። ሦስተኛው የት ገባ? አገር ለቆ ሄዶ ይሆናል፣ ተኳርፋችሁ ይሆናል፣ ወይም ሥራ በዝቶበት ቀስ በቀስ ቀርቶ ይሆናል። የትኛውም ቢሆን «ድርሻዬን ትቻለሁ» የሚል የተፈረመ ወረቀት ካልሰጣችሁ በስተቀር መቅረቱ ብቻውን ድርሻውን አያጠፋበትም። እርስዎ ያልጠቀሱት ረስተውት ነው ብዬ ማመን እፈልጋለሁ። ባይረሱት ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለጠበቃ ግማሹን መንገር ለሐኪም ግማሹን ሕመም እንደመንገር ነው።

የሦስተኛውን ሰው ጉዳይ ይዤ የምቆየው በምክንያት ነው። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ እዚያው አጠገብ አለ።

«የቆዩ ጽሑፎችን ተከፋፍለናል» ብለዋል። የማንን ጽሑፍ? በእነዚህ ዓመታት በመጽሔቱ ላይ የወጣውን ሁሉ እናንተ እንዳልጻፋችሁት እገምታለሁ። የቴአትር ሂስ የላከላችሁ ተማሪ፣ ዐውደ ርእይ ተዘዋውሮ የዘገበ ሠዓሊ፣ ፎቶ ያነሳ ልጅ፣ ግጥም የላከች አንባቢ ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች በስልክ ወይም በቴሌግራም «ላክልኝ» ተብለው የላኩ እንጂ ውል የፈረሙ አይመስሉኝም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው በመነሻው የአመንጪው ነው ይላል። ባለጉዳዮች ታዲያ አንዲት ልዩ ሁኔታ ሰምተው ይመጣሉ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ተቀጣሪ ወይም በትእዛዝ የሠራ ሰው ያዘጋጀው ሥራ ባለቤት አሠሪው ወይም ያዘዘው ነው የምትለዋን። «እኛ ነን ያዘዝነው» ይሉኛል። እሺ፣ ማዘዛችሁን በምን ታስረዳላችሁ? ሳይታዘዝ በራሱ ተነሣሽነት ጽፎ የላከላችሁ ሰው እዚህ ውስጥ አይገባም። የታዘዘውም ቢሆን፣ «እኛ» የተባለው ማን ነው? መጽሔቱ የተመዘገበ ማኅበር ከሆነ ባለመብቱ ማኅበሩ ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ ከእናንተ የተለየ ሰው ስለሆነ ንብረቱን ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ አትከፋፈሉትም። ያልተመዘገበ ከሆነ ያዘዛችሁት ሦስታችሁ ናችሁ፣ ሦስተኛው ደግሞ እንዳልኩት በደብዳቤዎ ውስጥ የለም።

«ለእኛ ብሎ ልኮልን አይደል?» ይሉ ይሆናል። አዎ፣ በዚያ መጽሔት ላይ እንዲወጣለት ልኳል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ እርስዎ የግል ብሎግ ይሂድልኝ፣ ማስታወቂያ ይለጠፍበት አላለም። አዋጁ መብት ሲተላለፍም ሆነ ፈቃድ ሲሰጥ በጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋል፤ በጽሑፉ በግልጽ ያልተጠቀሰውን ድርጊትም እንደተፈቀደ አይቆጥርም። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለእናንተ ሙያ የተባለ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። የድሮ ጽሑፎችን ከአንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላው በጅምላ ስታሸጋግሩ ብዙ ጊዜ የጸሐፊዎቹ ስም ይወድቅና ሁሉም ጽሑፍ «በአስተዳዳሪው» ወይም በብሎጉ ባለቤት ስም ይወጣል። ለባለሙያው ይህ የቴክኒክ ስሕተት ነው። ለሕጉ ግን የአመንጪውን የሞራል መብት መንካት ነው፤ ጸሐፊው ገንዘብ ባይጎድልበትም በስሙ የመጠራት መብት አለው። አዋጁ የሞራል ጉዳት ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። ይህን ቁጥር ስነግራቸው ቢሮዬ ውስጥ ዝም የሚሉ ባለጉዳዮች አሉ። አሥር ጽሑፍ ቢሆንስ ብለው ሲያሰሉ ነው መሰለኝ።

በተለይ እርስዎ ሥዕሉን መርጠዋልና ይጠንቀቁ። የአንድ ሥዕል ፎቶ ሲያወጡ ሁለት ባለመብት አለ፤ ሠዓሊውና ፎቶ አንሺው። ከአንድ መጽሐፍ ጥቂት መስመር ጠቅሶ መተቸት ምንጩና ደራሲው እስከተጠቀሱ ድረስ አይከለከልም። ሥዕሉን ሙሉውን፣ በትልቁ፣ ለብሎግዎ ማስጌጫ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ክፍፍሉን ለጊዜው አቁሙት። የጽሑፎቹን ዝርዝር አውጡ፤ በእያንዳንዱ ትይዩ ማን እንደጻፈው፣ ተከፍሎት እንደሆነ፣ በምን እንደተጠየቀ ጻፉ። ከዚያ ለየጸሐፊው አጭር የፈቃድ ወረቀት ላኩና አስፈርሙ፤ ጽሑፉ ወደየትኛው ብሎግ እንደሚሄድ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነና የጸሐፊው ስም አብሮ እንደሚወጣ ይጠቀስበት። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይፈርማሉ። እምቢ ያለ ወይም ያልተገኘ ሰው ጽሑፍ ባለበት ይቆይ። የቴሌግራም መልእክቶቹን አታጥፉ፣ ማስረጃ ናቸው።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። የተመዘገበ ማኅበር ከሆነ ጉዳዩ በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ይመራል፤ መጀመሪያ ቃለ ጉባኤ፣ ከዚያ ዕዳ፣ ክፍፍል መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። የማስታወቂያ ውል ካላችሁ ደንበኛው ሳያውቅ አትበተኑ። ከማስታወቂያ የገባው ገንዘብ በማን የባንክ ሒሳብ እንደገባና ግብሩ እንደተከፈለ ማጣራትም አለ። አዲሶቹን ብሎጎች ከመክፈታችሁ በፊት በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት መመዝገብ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም ፋይል ውስጥ አኑሩት።

ይህ መልስ በአንድ ደብዳቤ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሰነድ አላየሁም፣ የባልደረባዎንም ቃል አልሰማሁም። የአድራሻውን ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃድ ካለ ፈቃዱን፣ የባንክ መግለጫውን፣ የጽሑፎቹን ዝርዝርና በሦስታችሁ መካከል የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ይዘው ጠበቃ ጋ ይሂዱ። ባልደረባዎም የራሱን ጠበቃ ይያዝ፤ ወጪ ለመቆጠብ ብላችሁ ለሁለታችሁ አንድ ጠበቃ አትያዙ፣ ጥቅማችሁ ይጋጫል። የመለያያ ውሉንም ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ አረጋግጡት።

ከሁሉ በፊት ግን ለሦስተኛው ጓደኛችሁ ይደውሉለት። ውጭ አገር ከሆነ ውክልና ከኤምባሲ ማስላክ ጊዜ ይወስዳል፤ ዛሬ ይጀምሩት።