የጊዜ ቃል የት ይግባ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ በእንግሊዝኛ «የስተርደይ» (ትናንት)፣ «ቱሞሮው» (ነገ)፣ «ኦልዌይስ» (ሁልጊዜ) የት ይገባሉ?

ከፒያሳ፦ ቦታና ጊዜ አብረው ሲመጡ የቱ ይቅደም?

ቦታው። «አይ ዊል ጎ ቱ ፒያሳ ቱሞሮው»።

አራት ኪሎ የምትማር አንዲት ልጅ ደግሞ ዓረፍተ ነገሯን በ«የስተርደይ» በጀመረች ቁጥር መምህሯ «በአማርኛ አታስቢ!» እያለ እንደሚያቋርጣት ጽፋለች። አሁን ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ትታለች።

እህቴ፣ እጅሽን አውጪ። «የስተርደይ አይ ሶው ሂም» ትክክል ነው። የተለመደው ቦታ መጨረሻው ነው፤ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ይባላል። ግን ታሪክ ሲተረክ ወይም ጊዜውን ማጉላት ሲፈለግ እንግሊዞቹም መጀመሪያ ላይ ያመጡታል። የማያስኬደው መሀል መክተት ነው፦ «አይ ሶው የስተርደይ ሂም»። እኛ «ትናንት እሱን አየሁት» ብንልም «እሱን ትናንት አየሁት» ብንልም እንግባባለን። «እሱን» ላይ ያለችው «ን» ማን እንደታየ ትነግረናለችና። እንግሊዝኛ እንደ «ሂም» ካሉ ጥቂት ተውላጠ ስሞች በቀር እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው የሚተማመነው በቦታ ነው። ስለዚህ ግሱንና ተሳቢውን አትለያዪ፤ ሌላው ቀላል ነው።

መምህራን ሆይ፣ እባካችሁ! ቋንቋ የሚለመደው እየተናገሩ ነው። ትክክል የተናገረችን ልጅ አፏን ማስያዝ በጣም ያሳዝናል። ስህተት ቢኖር እንኳ ጨርሳ ትናገር፣ ከዚያ ይታረም።

ከሜክሲኮ፦ «ኦልዌይስ» አንዴ ከግሱ በፊት፣ አንዴ በኋላ እያየሁ ግራ ገባኝ። ለአይኤልትስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) እየተዘጋጀሁ ነው።

ከዋናው ግስ በፊት ነው፦ «አይ ኦልዌይስ ድሪንክ ኮፊ»። ከ«አም»፣ «ኢዝ»፣ «አር» ግን በኋላ፦ «ሺ ኢዝ ኦልዌይስ ሌት»። ረዳት ግስ ካለ ከመጀመሪያው ረዳት ቀጥሎ፦ «አይ ሃቭ ኦልዌይስ ሊቭድ ሂር»። «ዩዥዋሊ» እና «ኔቨር»ም እንዲሁ ናቸው። ስለ ፈተናው ራሱ ግን የሚያሠለጥንህን ሰው ጠይቅ።

ተክለሃይማኖት አካባቢ ሱቅ የሚያከራዩ አባት፣ ከተከራያቸው ወኪል «ሂ ሴድ ኦን መንደይ ሂ ዉድ ፔይ» የሚል ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ሰኞ ተናገረ ነው ወይስ ሰኞ ይከፍላል?

ጋሼ፣ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ጊዜው በሁለት ግሶች መሀል ስለገባ ወደ ሁለቱም ይጎተታል። «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ፔይ ኦን መንደይ» ቢል ሰኞ የሚከፍል መሆኑ ይበልጥ ግልጽ ይሆን ነበር። ነገሩ የገንዘብ ስለሆነ በእኔ መልስ ብቻ እንዳይወስኑ። ምንም ነገር ከመፈረምዎ በፊት ለጠበቃ ያሳዩ፤ ይህን አደራ እላለሁ። የክፍያውንም ቀን ከነወሩና ዓመተ ምሕረቱ፣ በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ያስጽፉ።

ከስታዲየም፦ ለሥራ ቃለ መጠይቅ «ቱሞሮው አት ናይን» ተባልኩ። ስንት ሰዓት ልገኝ?

«ኤ ኤም» ካለበት ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ከሌለበት ዛሬውኑ ደውለህ አረጋግጥ።