«ጸሎቴ ከጣሪያ አያልፍም»

ጥያቄ፦ መጋቢ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዱባይ በሰው ቤት የምሠራ እህትዎ ነኝ። ጌታን ካገኘሁ ቆይቻለሁ፤ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ግን ወደቅሁ። ምን እንደሠራሁ ለመጻፍ ያሳፍረኛል። ንስሐ ገብቻለሁ፣ ነገሩንም ትቼዋለሁ። ግን ማታ ሥራ ጨርሼ ስንበረከክ ጸሎቴ ከጣሪያ የሚያልፍ አይመስለኝም። በስልክ የሚጸልይልኝ አንድ አገልጋይ «በሩ ተዘግቶብሻል፤ እኔ በመካከል ካልቆምኩልሽ አይከፈትም» አለኝ። ለዚህም የመሥዋዕት ብር እንድልክ ጠየቀኝ። ደመወዝ ስቀበል ልላክለት ወይ? የእኔ ጸሎት በእውነት አይሰማም?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ብሩን አትላኪ። ጸሎትሽም ይሰማል። ይህን አፌን ሞልቼ የምናገርበትን ምክንያት ግን ከራሱ ከቃሉ እንድታዪው እፈልጋለሁ። እኔ ስላልኩሽ ብቻ እንዳትቀበዪው።

መጽሐፍ ቅዱስሽን ክፈቺና ዘሌዋውያን 16ን ረጋ ብለሽ አንብቢ። ብዙዎቻችን ይህን ምዕራፍ እንዘለዋለን፤ ያሳዝነኛል፤ መስቀሉን እንዲህ አቅርቦ የሚያሳይ የብሉይ ኪዳን ክፍል ብዙ አይደለም። በ7ኛው ወር፣ በ10ኛው ቀን ሊቀ ካህናቱ መጋረጃውን አልፎ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን፣ የእግዚአብሔር ማደሪያ ወደ ሆነው ድንኳን ውስጠኛ ክፍል ይገባል። በዓመት አንድ ቀን፣ እርሱ ብቻ። ገላውን ታጥቦ የበፍታ ልብስ ይለብሳል። አስቀድሞ ስለ ራሱ ኃጢአት ወይፈን ያርዳል፤ እርሱም ኃጢአተኛ ነውና። ፍምና ዕጣን ይዞ ይገባል፤ የዕጣኑ ጢስ የስርየት መክደኛውን፣ ማለትም የታቦቱን ክዳን ካልሸፈነው ይሞታል። ከዚያ ደሙን በጣቱ በመክደኛው ፊት 7 ጊዜ ይረጫል። ስለ ሕዝቡ ደግሞ ሁለት ፍየሎች አሉ። አንዱ ታርዶ ደሙ ወደ ውስጥ ይገባል። በሁለተኛው ራስ ላይ ሊቀ ካህናቱ ሁለት እጁን ጭኖ የሕዝቡን በደል ሁሉ ይናዘዛል፤ ፍየሉም ያን ተሸክሞ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል።

አየሽ፣ ኃጢአት እንዲሁ በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሕይወት ያስከፍላል። ግን ያ ሁሉ ከተደረገ በኋላም መጋረጃው እዚያው ተሰቅሎ ይቀራል። በዓመቱ ሌላ ፍየል፣ ሌላ ደም ነው። የማደሪያው ድንኳን ዕቃ ሲዘረዘር ገበታ አለ፣ መቅረዝ አለ፣ መሠዊያ አለ፤ ወንበር ግን የለም። የካህናቱ ሥራ አያልቅም ነበርና። ዕብራውያን 10 ላይ የተጻፈውን ከዚህ ጋር አስተያዪው፦ ካህናቱ ዕለት ዕለት ቆመው ያገለግላሉ፤ ክርስቶስ ግን አንድ ጊዜ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ አቀረበና በእግዚአብሔር ቀኝ ተቀመጠ። ተቀመጠ! የቀረ ክፍያ የለም ማለት ነው። በመስቀል ላይ ነፍሱን በሰጠ ጊዜ የቤተ መቅደሱ መጋረጃ ከላይ እስከ ታች ተቀደደ። እግዚአብሔር ራሱ የቀደደውን መጋረጃ ማንም አገልጋይ መልሶ ሊሰፋው አይችልም።

«እኔ እኮ ከዳንኩ በኋላ ነው የወደቅሁት» ትዪኝ ይሆናል። እህቴ፣ ከመውደቅሽ በፊትስ በምን ነበር የምትገቢው? በጾምሽ ነው? በዝማሬሽ ነው? በደህናው ጊዜሽም ያስገባሽ የእርሱ ደም ነው፤ ዛሬም ያው ደም ነው። ሐዋርያው ዮሐንስ በኃጢአታችን ብንናዘዝ ይቅር ሊለን የታመነና ጻድቅ ነው ሲል የጻፈው ለአማኞች ነው። «ጻድቅ» ያለውንም አትለፊው። አንድ ጊዜ የተከፈለውን ዕዳ ሁለተኛ መጠየቅ ከጽድቁ ጋር አይሄድም።

ስሜትሽን አልንቀውም። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ውለሽ፣ ከቤተሰብ ርቀሽ፣ ኅሊናሽ እየወቀሰሽ ስትንበረከኪ ሰማዩ ቢከብድሽ አይገርምም። ሉቃስ 18 ላይ ያለው ቀራጭም፣ ማለትም ግብር ሰብሳቢው፣ በሩቅ ቆሞ ነበር። ዓይኑን እንኳ ቀና አላደረገም። ደረቱን እየደቃ አንድ ዓረፍተ ነገር ጸለየ፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሲመለስ ምን እንደተሰማው አልተጻፈልንም። ኢየሱስ ግን ጸድቋል አለ።

በሠራሽው ነገር የተጎዳ ሰው ካለ ይቅርታ ጠይቂ። የወሰድሽው ካለም መልሺ። መመለሱ አደጋ የሚያመጣብሽ ከሆነ ግን ለብቻሽ አትወስኚ፤ ከምታምኛት የበሰለች እህት ጋር ተማከሪ። በሉቃስ 19 ያለው ቀራጭ ዘኬዎስም ያለአግባብ የወሰደውን መልሷል፤ እሱ ግን የመለሰው ጌታ ቤቱ ከገባለት በኋላ እንጂ ለማስገቢያ አልነበረም።

ሌላ ሰው እንዲጸልይልሽ መጠየቅ መልካም ነው። ጳውሎስ እንኳ የኤፌሶንን ምእመናን ጸልዩልኝ ብሏቸዋል። ያ ግን ወንድም ለወንድም የሚያደርገው ነው፤ በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ እርሱም ክርስቶስ ኢየሱስ ነው። በዚያ ቦታ ቆሜ ብር ልቀበል የሚል ሰው፣ ቅን አስቦ ቢሆን እንኳ፣ የእርሱ ያልሆነውን ወንበር ይዟል። ጠንቋዩ ሲሞን የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ በፈለገ ጊዜ ጴጥሮስ እንዴት እንደገሠጸው በሐዋርያት ሥራ 8 አንብቢ። ለወንጌል መስጠት ስትፈልጊ በደስታ ስጪ፤ ለመሰማት ግን አትክፈዪ። «ካልላክሽ ክፉ ይደርስብሻል» ቢልሽም አትደንግጪ፤ ክርስቶስ ስለ እኛ እርግማን ሆኖ ዋጅቶናል። ስልኩን ዝጊው።

ፈቃድ በምታገኚበት ቀን ደግሞ በአካባቢሽ ያሉ አማኞችን ፈልጊ። ሁለት ሦስት እህቶች ይበቁሻል። እነሱ ይጸልዩልሽ፣ አንቺም በየስማቸው እየጠራሽ ጸልዪላቸው።