መልስ፦ አምራቹ «ባዶው ቦታ ላይ መዳብ እንጨምር?» ያለኝ ለምንድን ነው?

ሰላም ወንድሜ። የባለ 4 ሌየር (የመዳብ ንብርብር) ሰርኪት ቦርድህ ግማሹ መዳብ የሌለበት ባዶ ስለሆነ ነው የጠየቁህ። ብር ለመጨመር አይደለም፣ ፍቀድላቸው።

ጉዳዩ ያለው መዳብ የሚለበጥበት ገንዳ ውስጥ ነው። ቦርዱ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት፣ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻዋን ያለች ቀጭን መስመር የሚሻማት የለም። ከረንቱ እሷ ላይ ይረባረባል። እዚያ መዳቡ ይወፍራል፣ አጠገቧ ያለው ቀዳዳም ይጠባል። መዳብ የበዛበት ጎን ደግሞ ይሳሳል። አምራቾቹ ባዶው ቦታ ላይ የሚበትኗቸው ትንንሽ የመዳብ ነጠብጣቦች ይህን ትርፍ ከረንት ይጋራሉ እንጂ ከምንም ጋር አይገናኙም።

መጣመሙ ሌላ ጣጣ ነው። መዳብና ፋይበርግላስ በሙቀት እኩል አይለጠጡም። ሌየር 2 ሙሉ ግራውንድ (የሰርኪቱ ዜሮ ቮልት የሆነ የመዳብ ንጣፍ) ሆኖ ሌየር 3 ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ካለ፣ ቦርዱ ከሪፍሎው ኦቨን (ዕቃዎቹ በሙቀት ከሚበየዱበት ምድጃ) ጎብጦ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የሌየር 1ን መዳብ ከ4፣ የ2ን ከ3 ጋር አመጣጥን። በአይፒሲ (የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ማኅበር) ደረጃ የሰርፌስ ማውንት (ዕቃዎቹ ላዩ ላይ የሚበየዱበት) ቦርድ ጉብጠት ከ0.75 በመቶ እንዳያልፍ ይጠበቃል። 100 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ 0.75 ሚሊሜትር መሆኑ ነው።

እኔ ብሆን ለነጠብጣብ ሳልተው ኪካድ (የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር) ላይ ራሴ የግራውንድ ዞን እሞላበታለሁ፣ በቪያም (ሌየሮችን በሚያገናኙ ትንንሽ ቀዳዳዎች) አስረዋለሁ። አንቴና ስርና ኢምፒዳንሳቸው (ለሲግናል ያላቸው ተቃውሞ) የተሰላ መስመሮች አጠገብ ግን ምንም እንዳይጨምሩ ከፋይሉ ጋር በጽሑፍ ላክላቸው። ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው) ሞጁል ከተጠቀምክ በተለይ ተጠንቀቅ። አንቴናው ስር ያለው ክፍት ቦታ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑን ካልነገርካቸው አያውቁም።