«ተመስገን» ማለት አቃተኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ዓምና የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተገልብጦ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ሞተ። እኔን ጭረት እንኳ አልነካኝም። ስለቴን አስገባሁ፤ በሄድኩበት ሁሉ «ተመስገን» አልኩ። ሰሞኑን ግን ፕሪሞ ሌቪ የሚባለው ጣሊያናዊ አይሁዳዊ ከናዚዎች ካምፕ ተርፎ የጻፈውን መጽሐፍ አነበብኩ። አንድ ሽማግሌ ከሞት በመትረፉ ሲያመሰግን ጸሐፊው በጣም ይቆጣል። ከዚያ ወዲህ ለጸሎት ስቆም አፌ ይያዛል። ምስጋናዬ ኃጢአት ነበር?

መልስ፦ እኅቴ፣ ኃጢአት አልነበረም። ቀሪውን ረጋ ብለሽ እንድታነቢው ይህን አስቀድሜ ነገርኩሽ።

መጽሐፉን ላላነበበ ታሪኩ እንዲህ ነው። ወሩ ጥቅምት ነው፤ በአውሮፓውያኑ 1944፣ ኦሽዊትዝ የሚባለው የናዚዎች ካምፕ። እስረኞቹ ራቁታቸውን ኤስ ኤስ በሚባለው የናዚ ጦር ሰው ፊት በሩጫ ያልፋሉ። ሰውየው በጨረፍታ አይቶ ማን በጋዝ ወደሚገደልበት ክፍል እንደሚሄድ ይለያል። ማታ ኩን የሚባለው ሽማግሌ ሰውነቱን እያወዛወዘ፣ ጮክ ብሎ ይጸልያል፤ ስላልተመረጠ ያመሰግናል። ጎኑ ያለው አልጋ ላይ ቤፖ የተባለ የ20 ዓመት ግሪካዊ ተጋድሟል። ከነገ ወዲያ ተራው እንደሆነ ያውቃል። አምፖሉ ላይ አፍጥጦ ዝም ብሏል። ሌቪ እኔ አምላክ ብሆን የኩንን ጸሎት እተፋው ነበር ይላል።

ሌቪ አማኝ አልነበረም። «የከሓዲ ወሬ ነው፣ ተይው» የሚልሽ አይጠፋም። እኔ አልልሽም። ያ ሰው የተቆጣው ለቤፖ ብሎ ነው። በኩንም ለመፍረድ አልደፍርም፤ የተራበና የፈራ ሽማግሌ ነው። ደግሞ ካምፖቹን ካቆሙትና ከጠበቁት ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው የተጠመቁ ነበሩ። እኛ ክርስቲያኖች ለአይሁዳዊ እስረኛ ስለ ጸሎት ማስተማር ሲያምረን ይህ ትዝ ቢለን ጥሩ ነው።

ወዳንቺ ልመለስ። ሰዎች «እግዚአብሔር ስለሚወድሽ አተረፈሽ» ብለውሽ ይሆናል። በቅንነት ነው የሚሉት። ግን ልጁንስ አይወደውም ነበር? በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች ጌታ አንሥቶ፣ ከሌላው ሰው ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቋል። መልሱም አይደለም ነው። አንቺ ለምን ተረፍሽ? አላውቅም። የኢዮብ ወዳጆችም 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት ዝም ብለው እስከተቀመጡ ድረስ ደህና ነበሩ። የተሳሳቱት ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችንን የምስጋና ጸሎት ልብ ብለሽዋል? «ነአኵቶ» ብሎ የሚጀምረውን ማለቴ ነው። «ከደነነ» ይላል፣ «ረድአነ» ይላል፣ «አብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት» ይላል። ሸፈነን፣ ረዳን፣ እስከዚህች ሰዓት አደረሰን። «እኔን» የሚል የለበትም። እኔ ራሴ ይህን ሳላስተውል ስንት ዓመት ደግሜዋለሁ! አጠገብሽ ያለውን ሰው ይዘሽ ነው የምታመሰግኚው። ከጎንሽ የሚያለቅስ ካለ ደግሞ ምስጋናው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል እንጂ አይጠፋም።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሎሬንዞ የሚባል ግንበኛ አለ። እስረኛ አልነበረም፤ ለሥራ የመጣ ጣሊያናዊ ነው። 6 ወር ሙሉ በየቀኑ ለሌቪ ዳቦና ከራሱ ምግብ የተረፈውን አመጣለት። በእራፊ የተጣጣፈ ሹራብ ሰጠው። ወደ ጣሊያን ፖስትካርድ ጻፈለት። በምላሹ ምንም አልጠየቀም። ሌቪ ስለ ምግቡ ብዙም አላወራም። እኔም ሰው መሆኔን ያልረሳሁት በሎሬንዞ ነው አለ። በኋላ ልጆቹን በእርሱ ስም ሰየመ። እኔ ይህን ሳነብ «ተርቤ አብልታችሁኛልና» የሚለው ቃል ነው የመጣብኝ። ሌቪ እንዲህ ብሎ አይጠራውም ነበር፤ አውቃለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ስለትሽን ስታስገቢ የልጁን እናት አስበሻት ታውቂያለሽ? ሙት ዓመቱ ደርሷል ማለት ነው። ቤቱን አፈላልጊ። ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ስሙን ጠይቀሽ ለንስሐ አባትሽ ስጪ። ከዚያ ከእናቱ ጋር ተቀመጪ። «ተመስገን» የሚለውን እዚያ ቤት አታንሺው። አልቅሺ፤ ጳውሎስም ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ ብሏል። ልጇ በመጨረሻው ሰዓት ምን ይል እንደነበር፣ መስኮት በኩል ይሁን በር በኩል እንደተቀመጠ ልትጠይቅሽ ትችላለች። ንገሪያት።